ማለዳው ለመንገዱ፣ ከሰዓቱ ለማብሰያ ቤቱ፦ በሜፕል ወቅት በቬርሞንት ጠጠር መንገዶች ስለ መንዳት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ቦስተን አካባቢ የሚኖሩ አንድ ወንድማችን በማርች መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት አጋማሽ፣ ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ወደ ቬርሞንት ግዛት ወጥተው የሜፕል ሽሮፕ (ከሜፕል ዛፍ ፈሳሽ ተፈልቶ የሚወጣው ጣፋጭ) ሲሠራ ማየትና በዚያው በተራሮቹ መካከል ባሉት ያልተነጠፉ መንገዶች መዘዋወር ይፈልጋሉ። መኪናቸው ፎር ዊል ድራይቭ የሆነ ቶዮታ ፎርራነር ነው። አገር ቤት ሳሉ በላንድክሩዘር የበቾን ሜዳ በክረምት ያቋርጡ እንደ ነበርና ጭቃ እንደማያስፈራቸው ጽፈዋል። ወቅቱ ለመንገዱ ይመች እንደሆነ፣ የትኞቹ መንገዶች እንደሚፈቀዱና መኪናው ምን ይዞ መውጣት እንዳለበት ይጠይቃሉ።

በሙያዬ የመንገድ መሐንዲስ ነኝ፤ አገር ቤትም ሆነ እዚህ ኒው ኢንግላንድ የሠራሁት በአብዛኛው በጠጠር መንገድ ላይ ስለሆነ መልሴን ከመሬቱ እጀምራለሁ። ወንድሜ፣ ያሰቡት ነገር ይቻላል፤ የሚቻለው ግን ሰዓቱን ከጠበቁ ነው። በእነዚያ ሳምንታት በቬርሞንት አንድ መንገድ በማለዳ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ሊሆን ይችላል፤ ያው መንገድ በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ መኪናውን እስከ ሆዱ ሊውጥ ይችላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህ ለምን እንደሚሆንና ከዚያ ተነሥተው ጉዞዎን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ለማስረዳት ነው።

የሜፕል ዛፍ ፈሳሹን የሚሰጠው ሌሊቱ ከ32 ዲግሪ ፋራናይት በታች ወርዶ ቀኑ ወደ 40ዎቹ ሲወጣ ነው። ሌሊት በግንዱ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ በረዶነት ሲለወጥና በእንጨቱ ውስጥ ያለው ጋዝ ሲጨመቅ ዛፉ ከሥሩ ተጨማሪ ውኃ ይስባል፤ ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው በረዶው ይቀልጣል፣ የተጨመቀው ጋዝም ይሰፋና ፈሳሹን በተበሳው ቀዳዳ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሌሊቱም ቀኑም ከቀዘቀዘ ፈሳሽ የለም፤ ሌሊቱም ቀኑም ከሞቀ ወዲያው ይቆማል። ሽሮፕ አምራቾቹ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ይህንን የብርድና የሙቀት መፈራረቅ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። መንገዱን የሚያፈርሰውም ይኸው መፈራረቅ ነው። ስለዚህ የሜፕል ወቅትና የጭቃ ወቅት በቬርሞንት ተያይዘው የሚመጡት በአጋጣሚ አይደለም፤ አንዱ ካለ ሌላው አይቀርም።

በክረምት ከጫካውና ከእርሻው ላይ በረዶው አይነሣም፤ ከመንገዱ ላይ ግን ይጠረጋል። የተጠረገ መንገድ ብርድ ልብሱ እንደ ተገፈፈ ሰው ነው፤ ቅዝቃዜው ወደ ውስጥ እስከ 4 ጫማና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። አፈሩ ደቃቅ ከሆነ፣ በተለይ ደለል የበዛበት ከሆነ፣ እየቀዘቀዘ በሄደ ቁጥር ከታች ያለውን ርጥበት ወደ ላይ ይስባል፤ የተሳበውም ውኃ በስስ በስሱ የተደራረበ በረዶ ይሆናል። በአንድ ማርች የተደፈነ የውኃ መተላለፊያ ቱቦ ለመክፈት መንገድ ስንቆርጥ ይህን በደንብ አይቼዋለሁ። በኤክስካቫተሩ በተቆረጠው የአፈር ግድግዳ ላይ ቡናማውን አፈር አግድም የሚከፍሉ ነጫጭ መስመሮች ነበሩ፤ አንዳንዱ የክር ያህል የቀጠነ፣ አንዳንዱ የጣት ያህል የወፈረ፣ ሁሉም ንጹሕ በረዶ ነው። ከላይ ያለው የአንድ ስንዝር ያህል አፈር ቀልጦ ሾርባ ሆኗል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ በዶማ ቢመታ እሳት የሚተፋ ድንጋይ ነው። የቀለጠው ውኃ ወደ ታች ሊሰርግ አይችልም፣ ምክንያቱም ከታች ያለው መሬት ገና በረዶ ነው። ወደ ጎንም አይወርድም፣ ምክንያቱም በመንገዱ ዳርና ዳር የተገፋው የበረዶ ክምር ይዘጋዋል። ጭቃው መሄጃ አጥቶ እዚያው ይቀመጣል።

እዚህ ላይ የበቾ ልምድዎ ሊያሳስትዎ ስለሚችል ረጋ ብለን እንየው። ዋልካ የሚጨቀየው ከላይ በሚወርድ ዝናብ ነው። ውኃ ሲነካው ያብጥና ራሱን ይዘጋል፤ ያጣብቃል፣ ጎማውን ይሞላል፣ መኪናውን ያንሸራትታል፤ ነገር ግን ዝናቡ ገና የጀመረ ከሆነ ከጥቂት ጣት በታች ያለው አፈር ብዙ ጊዜ ደረቅና ጠንካራ ነው። ስለዚህ አገር ቤት ጥሩ ሾፌር ፍጥነቱን ሳይቀንስ፣ ነዳጅ ጨምሮ፣ ጎማው ጭቃውን እየወረወረ ራሱን እንዲያጸዳ አድርጎ ያልፋል። ቬርሞንት ውስጥ ያው አነዳድ መኪናውን ይቀብረዋል። የዚህ አገር የጭቃ ወቅት ውኃ የሚመጣው ከመንገዱ ከራሱ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የመንገዱም ፊት በፀሐይ ደርቆ ግራጫ መስሎ ሳለ ከሥሩ ሾርባ አለ። ጎማው ስስ ቅርፊቱን ሰብሮ ሲገባ ነዳጅ ከጨመሩ ለስላሳውን አፈር እየቆፈረ በቀጥታ ወደ በረዶው ወለል ይወርዳል፤ በእርጥብ በረዶ ላይ ደግሞ የትኛውም ጎማ አይዝም። በሁለቱ የጎማ ቦዮች መካከል ያለው ጉብታ ገና ያልቀለጠ ከሆነ መኪናው በሆዱ እዚያ ላይ ይቀመጣል፣ አራቱም እግሮቹ አየር ላይ እንዳሉ ያህል በከንቱ ይሽከረከራሉ። ከዚያ በኋላ ፎር ዊል መሆኑ ምንም አይጠቅምም።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ፤ ለእኔ የመልሱ ዋና ነገር ይህ ነው። ሌሊቱ በደንብ ከበረደ፣ በተለይ እስከ 25 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ፣ ትናንት ከሰዓት ጭቃ የነበረው ፊት እንደገና ይጠነክራል። ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ፀሐይዋ መንገዱን እስክትመታ ድረስ፣ ምናልባት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር እስከ 10፣ መንገዱ ይሸከማል። ስለዚህ ዓርብ ማታ እዚያው አካባቢ ያድሩ፤ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሥተው አስቸጋሪውን መንገድ በማለዳ ይጨርሱ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ወደ አስፋልት ወይም በደንብ ወደሚጠገን ጠጠር መንገድ ይመለሱ። ቅዳሜ ጠዋት ከቦስተን ተነሥተው በዚያው ቀን ለመድረስ ካሰቡ ግን የሚደርሱት ልክ መንገዱ ሲከፋ ነው፤ በኢንተርስቴት 93 አውራ ጎዳና እስከ ቬርሞንቷ ሰንት ጆንስበሪ ከተማ ለመድረስ ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

ደስ የሚለው ይህ የሰዓት ክፍፍል የሽሮፕ ሥራውን ለማየትም የሚመች መሆኑ ነው። ፈሳሹ መውረድ የሚጀምረው ዛፉ ከሞቀ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ነው፤ በፕላስቲክ ቱቦ ወደ ጋን ተሰብስቦ፣ ዛሬ በብዙ ቦታ ደግሞ ውኃው በማጣሪያ ማሽን በከፊል ከተቀነሰለት በኋላ፣ ማብሰያው የሚቀጣጠለው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፈሳሹ የበዛ ቀን ከሆነም እስከ እኩለ ሌሊት ይቀጥላል። በማለዳ ወደ ሹገር ሃውስ (ወደ ማብሰያ ቤቱ) ቢሄዱ የሚያገኙት ቀዝቃዛ ምጣድ ነው። ከቀትር በኋላ ቢሄዱ ግን ከጣሪያው መካከል ከተከፈተው መውጫ እንፋሎቱ ሲትጎለጎል ከሩቅ ያዩታል፤ ብዙዎቹም እንፋሎቱ እየታየ ለሚመጣ እንግዳ በራቸውን አይዘጉም። ማለዳውን ለመንገዱ፣ ከሰዓቱን ለማብሰያ ቤቱ ካደረጉ ሁለቱንም በደህና ያገኛሉ።

ይህ ሁሉ ግን ሌሊቱ ከበረደ ነው። ከመውጣትዎ በፊት የሚያዩት ትንበያ የቀኑን ሙቀት ብቻ መሆን የለበትም፤ የሌሊቱ ይበልጣል። ሌሊቱ ከ32 በላይ ሆኖ ካደረ ወይም ዝናብ ከጣለ ማለዳውም አያድንም፤ ያን ጊዜ አስቸጋሪውን መንገድ ፈጽመው ይተዉት። እንደዚያ ባለ ሌሊት ዛፉም አይሰጥም፤ ስለዚህ ጉዞውን በሳምንት ማስተላለፍ ብዙ አያስቀርብዎትም። በኤፕሪል ደግሞ ሁኔታው ይለወጣል። ቅዝቃዜው ከላይም ከታችም ሲቀልጥ ከቆየ በኋላ የሌሊት ብርድ የሚያጠነክረው ስስ ቅርፊት ብቻ ይሆናል፤ ቅርፊቱ ሰውን ይችላል፣ ሁለት ቶን መኪና ግን አይችልም። በመጨረሻ ከታች ያለው በረዶ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ውኃው መንገድ አግኝቶ ይሰርጋል፤ መንገዱም በጥቂት ቀን ውስጥ ሲጠነክር ያዩታል።

ከፍታና አቅጣጫም ብዙ ይወስናሉ። በሸለቆው ውስጥ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ከ2,000 ጫማ በላይ ገና የክረምት በረዶ ሊሆን ይችላል። ወደ ደቡብ የዞረ ዳገት መጀመሪያ ይቀልጣል፤ ጥድና ሄምሎክ ያጠላበት ሰሜናዊ ቁልቁለት እስከ ኤፕሪል መጨረሻ በረዶ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ በአንድ የ5 ማይል መንገድ ላይ በረዶም፣ ደረቅ ጠጠርም፣ ጭቃም ተከታትለው ሊያገኙ ይችላሉ። ይህን በማሰብ ለመሄጃው ብቻ ሳይሆን ለመመለሻውም ይጠንቀቁ፤ ማለዳ በደህና የወረዱት ቁልቁለት ከሦስት ሰዓት በኋላ የማይወጣ ዳገት ይሆናል። ወጥተው በሌላ በኩል አስፋልት የሚያገኙበትን መንገድ ይምረጡ እንጂ ደርሰው የሚመለሱበትን አይምረጡ።

ስለ ፈቃዱ፦ በቬርሞንት ከግማሽ የሚበልጠው መንገድ ያልተነጠፈ ነው፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ታውን የሚባሉት የአካባቢ አስተዳደሮች መንገዳቸውን በ4 ደረጃ ይከፍላሉ። 3ኛ ደረጃ የሚባለው መንገድ በተለመደ ሁኔታ ዓመቱን ሙሉ ተራ የቤት መኪና ሊሄድበት የሚገባ ነው፤ ሰው ይኖርበታል፣ በረዶው ይጠረጋል፣ ግሬደር ይነዳበታል። እርስዎ የሚፈልጉት ዓይነት፣ በጫካ ውስጥ የሚያልፈውና በአሮጌ የድንጋይ አጥር መካከል የሚሄደው፣ አብዛኛውን ጊዜ 4ኛ ደረጃ ነው። የሕዝብ መንገድ ነው፤ ታውኑ ግን ዓመቱን ሙሉ የመጠገንም በረዶ የመጥረግም ግዴታ የለበትም፤ በጭቃ ወቅት ሊዘጋውም ይችላል፣ ብዙዎችም ይዘጋሉ። ከዚህ በተጨማሪ ሕጋዊ ዱካ ተብለው የተመዘገቡ አሉ፤ እነዚህ በካርታ ላይ መንገድ ቢመስሉም ለመኪና አይደሉም። በኒው ሃምፕሻየር ከ4ኛ ደረጃ ጋር የሚመሳሰለው 6ኛ ደረጃ ይባላል፤ በር ሊኖረው ይችላል፣ ከፍተው ካለፉ መልሰው ይዝጉት። በግሪን ማውንቴን ብሔራዊ ደን ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ የጫካ መንገዶች ደግሞ በዚህ ወቅት በሮቻቸው እንደተቆለፉ ነው፤ የሚከፈቱት መሬቱ ሲደርቅ ነው።

የስልክዎ ካርታ ይህን ልዩነት አያውቅም። 3ኛውንም 4ኛውንም በአንድ መስመር ይስላቸዋል፤ አጭሩ መንገድ ይህ ነው ብሎም ወደ ጫካ ይልክዎታል። የቬርሞንት ትራንስፖርት ኤጀንሲ ለእያንዳንዱ ታውን የመንገዱን ደረጃ የሚያሳይ ካርታ አለው፤ በነጻ ይገኛል፣ እሱን አውርደው ከስልክዎ ካርታ ጋር ያመሳክሩት። ከዚያ በተሻለ ደግሞ ሐሙስ ወይም ዓርብ ወደ ታውኑ ጽሕፈት ቤት ይደውሉና የመንገድ ሥራ ኃላፊውን ይጠይቁ። በእኔ ልምድ እነዚህ ሰዎች በቅን የሚመልሱ ናቸው፤ "ይህን መንገድ በማለዳ ባልፍ ጉዳት አደርስባችኋለሁ ወይ?" ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ ደግሞ የበለጠ ደስ ብሏቸው ያስረዳሉ። በ2023 እና በ2024 በጁላይ ወር የወረደው ጎርፍ በቬርሞንት ብዙ ጠጠር መንገዶችንና ቱቦዎችን ጠርጎ ወስዷል፤ ከዚያ ወዲህ የትኛው 4ኛ ደረጃ መንገድ እንደተጠገነና የትኛው እንደተተወ በትክክል የሚያውቀው ያ ኃላፊ ነው።

አሁን መንገዱ ላይ ደርሰዋል እንበል። ከመግባትዎ በፊት ይውረዱና በእግርዎ ይሂዱ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ የምሠራበት መሣሪያ ሁሉ ባይኖር እኔም መንገድ የምፈትሸው በእግሬ ነው። በጫማዎ ተረከዝ ጠንክረው ይርገጡ። ድምፁ ደረቅ ከሆነና ተረከዙ ምልክት ብቻ ከተወ መንገዱ ይሸከማል። ተረከዙ ከገባና በዙሪያው ውኃ ብቅ ካለ ይመለሱ። ፊቱ ጠንክሮ ሲረግጡት እንደ ፍራሽ ወደ ታች ረገብ ብሎ የሚመለስ ከሆነም ይመለሱ፤ ይህ ከሁሉ የሚያታልለው ነው፣ ምክንያቱም ለዓይን ደረቅ ነው። ጠቆር ብሎ የሚያበራው ቦታ ውኃ ያዘለ ነው። በጎማ ቦይ ውስጥ ስስ በረዶ የሸፈነው ውኃ ካገኙ ጥልቀቱን በዱላ ይለኩ፤ ከታቹ አንድ ስንዝር ይሁን የጉልበት ያህል በዓይን አይታወቅም። በቀዘቀዘ መሬት ላይ የቆመ የጎማ ቦይ ጠርዙ ስለታም ነው፤ የጎማን ጎን ይቆርጣል። ስለዚህ ከቦዩ ውስጥ በመሪ ታግለው ለመውጣት አይሞክሩ፤ ከመጀመሪያው አንዱን ጎማ በመካከለኛው ጉብታ፣ ሌላውን በዳሩ ላይ አድርገው ይሂዱ። ዳሩን ሲይዙ ግን የመንገዱ ጠርዝ የላላ መሆኑን አይርሱ፤ ከመንገዱ ሁሉ መጀመሪያ የሚናደው እሱ ነው።

አነዳዱን በተመለከተ ፎርራነሩን ከመግባትዎ በፊት በፎር ዊል ሎው (በአራቱም ጎማ በዝግታ በሚጎትተው ማርሽ) ያድርጉት፣ በሁለተኛ ማርሽ በእኩል ፍጥነት፣ ሰው በፈጣን እርምጃ በሚሄድበት ልክ ይንዱ። ነዳጁን አይጨምሩ፣ አይቀንሱ፤ ፍሬን በመያዝ ፈንታ ሞተሩ ይያዝልዎ። ጎማው መሽከርከር ከጀመረና መኪናው ካልሄደ ወዲያው እግርዎን ያንሡ። በዚያች ቅጽበት የሚያቆም ሰው አብዛኛውን ጊዜ በገባበት ቦይ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ለአሥር ሰከንድ የታገለ ግን አካፋ ያስፈልገዋል። ጎማን በተመለከተ፣ ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ብዙ ሰው የሚያስበውን ያህል አይጠቅምም፤ ማለዳ የሚነዱት በበረዶ ላይ ነው፣ ያ ጎማ ደግሞ ላስቲኩ ጠንካራ ስለሆነ በበረዶ ላይ ይንሸራተታል። የተራራና የበረዶ ኮከብ ምልክት ያለበት ጎማ ይሻላል። ንፋሱን ከ32 ወደ 22 ፒኤስአይ ገደማ ቢቀንሱት ጎማው ሰፋ ብሎ ይረግጣል፣ መንገዱንም ያነሰ ይጎዳል፤ ይህን የሚያደርጉት ግን መልሰው የሚሞሉበት ትንሽ ኮምፕሬሰር ከያዙ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም በ22 በአውራ ጎዳና ላይ መንዳት አደገኛ ነው።

ሌላው ዕቃ ቀላል ነው። አካፋ፣ ጎማ ሥር የሚገባ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ መወጣጫ ሁለት፣ ጃክ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚቀመጥበት ወፍራም ሳንቃ፣ ለልጆቹ ብርድ ልብስ፣ ውኃና የደረቀ ካልሲ። የወረቀት ካርታ ወይም ቀድሞ የወረደ ካርታ ይያዙ፣ በተራሮቹ መካከል የስልክ መስመር በብዙ ቦታ የለም። የመንገድ ዳር እርዳታ ውልዎንም ያንብቡት፤ ብዙዎቹ ያልተጠገነ መንገድ ላይ አይመጡም፣ የሚመጣውም መኪና አንሺ መንገዱ እስኪቀዘቅዝ እስከ ማግስቱ ጠብቁ ሊል ይችላል። ከተቻለ ሁለት መኪና ሆናችሁ ውጡ።

ስለ መጎተት ግን ሳላስጠነቅቅ አላልፍም፣ ምክንያቱም ሰው የሚሞትበት ነገር ነው። ከመኪናው ኋላ ለተሳቢ የሚሆነው የብረት ኳስ መኪና ማውጫ አይደለም። የተቀበረ መኪና የሚይዘው ኃይል ከክብደቱ በላይ ነው፤ የሚለጠጥ ገመድ በዚያ ኳስ ላይ አስሮ በሩጫ መጎተት ኳሱን ሊሰብረው ይችላል፤ የተሰበረው ብረት ደግሞ እንደ ጥይት በመስተዋቱ በኩል ይገባል። በዚህ መንገድ ሰዎች ሞተዋል። ገመዱን ማሰር የሚገባው የመኪናዎ መመሪያ ለማውጫ ብሎ በሚያሳየው ማያያዣ ላይ፣ አቅሙ በተጻፈበት ሻክል (የብረት ማያያዣ ቀለበት) ነው። ልጆቹና ባለቤትዎ ከመኪናው ወርደው ከገመዱ ርዝመት ከእጥፍ በላይ ርቀው ወደ ጎን ይቁሙ። ሰንሰለት ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ። ገበሬ በትራክተር ሊያወጣዎት ከመጣም ማያያዣውን እርስዎ ራስዎ ያሳዩት።

ለመነሻ የማመላክትዎ አካባቢ የካሌዶኒያ አውራጃ ነው፤ ከሰንት ጆንስበሪ በስተ ምዕራብ በዳንቪልና በፒቻም ዙሪያ ያሉት ጠጠር መንገዶች ብዙዎቹ 3ኛ ደረጃ ናቸው፣ ሜዳውና ተራራው ይታይባቸዋል፣ አስፋልትም አይርቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰብ ጋር ለሚወጣ ሰው 3ኛ ደረጃው ራሱ በቂ ፈተና ነው ብዬ አምናለሁ፤ 4ኛ ደረጃውን ለኦገስትና ለመከር ያቆዩት። ሽሮፕ በብዛት የሚመረተው ደግሞ በሰሜን ምዕራብ በፍራንክሊን አውራጃ፣ በፌርፊልድና በሰንት አልባንስ በኩል ነው። ቬርሞንት በ2024 ከ3 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ሽሮፕ አምርታለች፤ ይህ ከአሜሪካ ምርት ግማሹን ይበልጣል። በማርች ሁለተኛ አጋማሽ አምራቾቹ በራቸውን ለሕዝብ የሚከፍቱበት ቅዳሜና እሑድ ስላለ ጉዞዎን ከዚያ ጋር ቢያገጣጥሙት ልጆቹ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያያሉ። ስኳሩ 2 በመቶ ከሆነ ፈሳሽ 1 ጋሎን ሽሮፕ ለማግኘት 43 ጋሎን ገደማ ማትነን ያስፈልጋል፤ ሽሮፕ ሆነ የሚባለውም ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት በ7 ዲግሪ ፋራናይት ሲበልጥ ነው። አብሳዩ ሰፊ ጭልፋ ነክሮ ሲያነሣው ከጠርዙ ላይ በጠብታ መውረዱን ትቶ እንደ ስስ ጨርቅ ተያይዞ ሲንጠለጠል ያያሉ፤ ያን ጊዜ ይቀዳል።

ወቅቱ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም አንድ ነገር ልጨምር። ሽሮፑ የዛፍ ፈሳሽ ብቻ ስለሆነ ጾም ነው፤ ነገር ግን ሲፈላ አረፋው እንዳይገነፍል አንዳንድ አምራቾች ጠብታ ቅቤ ወይም ክሬም ጣል ያደርጉበታል፣ ሌሎች የአትክልት ዘይት ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ ማክሰሚያ ይጠቀማሉ። አብሳዩን ቢጠይቁት በምን እንደሚያበርድ ይነግርዎታል። ትኩሱን ሽሮፕ በንጹሕ በረዶ ላይ አፍስሰው እንደ ማስቲካ ሲረጋ የሚያቀርቡትንም ልጆቹ ይወዱታል፤ አብሮ የሚመጣው ዶናት ግን እንቁላልና ወተት አለበት፤ ጣፋጩን ለመስበር የሚሰጡት የኮመጠጠ ኪያር ጾም ነው።

ስለ ጫካው ሰዎች ደግሞ እንዲህ ነው። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ትልቅ ክፍል በዚያ መንገድ ላይ ያልፋል። ፈሳሽ ቶሎ ካልተቀቀለ ይበላሻል፤ ጋኑን የጫነው መኪና በቀን ደጋግሞ መመላለስ አለበት፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስም፣ አምቡላንስም የሚሄዱት በዚያው ነው። በ2022 ማርች የጭቃው ወቅት በጣም ከፍቶ ብዙ ነዋሪዎች መኪናቸውን አስፋልት ዳር ትተው ወደ ቤታቸው በእግር ይገቡ ነበር። እንግዳ በቀለጠ መንገድ ገብቶ ያረሰው ቦይ ሌሊቱን በዚያው ቅርጽ ይደርቃል፤ በማግስቱ የአገሩ ሰው መኪና ሲንገጫገጭበት ይውላል፤ ጭቃው እስኪወጣ ግሬደር ሊገባ ስለማይችልም ለሳምንታት እንዲሁ ይቆያል። ስለዚህ ጎማዎ ከሁለት ጣት የጠለቀ ቦይ እየተወ መሆኑን ካዩ፣ መኪናው ገና መሄድ ቢችልም እንኳ ዞረው ይውጡ። ጋን የጫነ መኪና ሲመጣ ቀድመው ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገው ያሳልፉት፤ ለስላሳው ዳር ላይ ግን አይቁሙ። ከዛፍ ወደ ዛፍ የተዘረጉት ሰማያዊ ቱቦዎች በውስጣቸው አየር በፓምፕ እየተመጠጠ ነው፤ አንዱ ቢነቀል የመስመሩ ሁሉ ፈሳሽ ይቀንሳል፣ ልጆቹ እንዳይነኳቸው ይንገሯቸው። ከመንገዱ ወደ ዛፎቹ መካከል የሚገቡት ጠባብ መግቢያዎች የግል ናቸው፤ በር ባይኖራቸውም አይግቡባቸው።

ወደ ቤት ከመመለስዎ በፊት ጎማውን ወደ 32 ሞልተው፣ ሰንት ጆንስበሪ ላይ በውኃ ግፊት የሚታጠብበት ቦታ ፈልገው የጎማዎቹን ውስጥ ያጥቡ፤ ከውጭ ያለውን ጭቃ ቢተዉትም ይህን አይተዉት። በቸርኬው ውስጥ የተለጠፈ ጭቃ በ65 ማይል ፍጥነት ሚዛኑን ያዛባና መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ሰው መኪናው ተበላሸ ብሎ መካኒክ ጋር የሚሮጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከታች በኩል የራዲያተሩን ፊትና የፍሬን ዲስኮቹን ዙሪያም በደንብ ይምቱት። ጭቃው በክረምቱ ከተበተነው ጨው ጋር ተደባልቆ እዚያ ከደረቀ በበጋው ዝገት ሆኖ ያገኙታል። ሲጨርሱ ከመኪና ማጠቢያው ግቢ ሳይወጡ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ይዘው ይልቀቁት፣ ዲስኩ ይደርቅና መያዙን ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ ወደ 93 ይግቡ።